አንድ አረማመድ፣ ብዙ እግር

ሰዉ ሁሉ ጋሽ ሞረድ ይለዋል። ሞረድ ከእጁ ስለማይለይ ነው፤ ሲያወራም፣ ሲያስብም፣ እንግዳ ሲሸኝም ይዞት ይቆማል። ሥራው ሰው ሠራሽ እግር መሥራት ነው። የጄሶው ብናኝ ከቅንድቡ ሽበት ጋር ተቀላቅሎ፣ የትኛው ከዕድሜ የትኛው ከሥራ እንደመጣ ለመለየት መሞከሩን ከተወ ቆይቷል።

የሚሠራበት ቤት ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ከተቆረጠው እግር የቀረውን በጄሶ ፋሻ ጠቅልሎ ቅርጹን ይወስዳል። በሁለተኛው ምድጃው አለ፤ ፕላስቲኩ እስኪለሰልስ ይግልና ቅርጹ ላይ ይለበጣል፤ ሲበርድ እግሩ የሚጠልቅበት ዋንጫ ይሆናል። ሦስተኛው ክፍል ረጅምና ጠባብ ነው። ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ ብረት ተዘርግቶበታል፤ ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ ደግሞ ትልቅ መስታወት ተሰቅሏል። መስታወቱን ግን ጋሽ ሞረድ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖታል።

የሸፈነበት ምክንያት አለው። አዲስ እግር የለበሰ ሰው መስታወት ካየ እግሩን ያያል፤ እግሩን ያየ ደግሞ ይወድቃል። ስለዚህ ጋሽ ሞረድ ራሱ ከፊት ይቆምና ጀርባውን ይሰጠዋል። «እኔን እያየህ እንደኔ ሂድ» ይለዋል። ሁለት ደህና እግሮች እያሉት እንደ ባለ አንድ እግር ይራመዳል። ዳሌውን ጥቂት ያነሳል፣ የረሳው ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ደህናውን እግር ያስከትላል። ባለ አዲሱ እግር ከኋላው እንደ ጥላ ይከተለዋል። እንዲህ ሲመላለሱ ይውሉና አረማመዱ እንደ ማዛጋት ከፊተኛው ወደ ኋለኛው ይጋባል። ለምን እንዲህ እንደሚኬድ የጠየቀው ሰው የለም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። መራመድ የቻለ አይጠይቅም። የሚጠይቀው የወደቀ ነው።

ድሮ፣ ሥራውን ሲጀምር፣ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በሁለት እግሩ ሲቆም እያየ ያለቅስ ነበር። እያደር ዕንባው ደረቀ፤ ከዚያ እንኳን ደስ ያለህ ማለቱም ቀረ፤ አሁን «ቀጣይ» ብቻ ይላል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የእጅ መዳፍ አንዱን ነገር ሲነካ ከኖረ ይደነድናል፤ ልብ ከመዳፍ በምን ይሻላል? ደንበኞቹን የሌለ እግር ያማቸዋል፤ ተቆርጦ የተቀበረ ጣታቸውን ያሳክካቸዋል። እሱን ግን በቦታው ያለ ልቡ አያመውም። ከሁለቱ ጉዳት የትኛው እንደሚብስ ጄሶው እስኪደርቅ ድረስ ያስብና፣ ሲደርቅ ይተወዋል።

በዚያ ዓመት በየመንገዱ ምሰሶ ላይ ካሜራ ተሰቀለ። በቴሌቪዥን ደግሞ ጠበብ ያለ ሱፍ የለበሰ ወጣት ብቅ ማለት አበዛ። ሰውን በአረማመዱ የሚለየውን ማሽን የሚሸጠው ድርጅት ሰው ነው። ሰላይ ፊቱን ይሸፍናል፣ ስሙን ይቀይራል፣ ስልኩን ይጥላል፤ አረማመዱን ግን የት ይጥለዋል? እያለ ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። ይህ አስተውሎት አይተኛም፣ አይሰለችም፣ አይሳሳትም፤ የሰው ጀርባ ይበቃዋል። ጠያቂዋ ጋዜጠኛ አንድ ጊዜ «አካሄዱን አይተህ ስንቁን ቀማው» የሚለውን ተረት አንስታ ሳቀች፤ ወጣቱም ተረቱን ወደደውና በሚቀጥለው ሳምንት የራሱ አድርጎ ተናገረው።

ወሬው ጋሽ ሞረድ በር ላይ ወረፋ የሚጠብቁት ዘንድም ደረሰ። ከነሱ መካከል ጎማው የሚሉት ጡረተኛ የከባድ መኪና ሹፌር አለ፤ ዕቃ ሲያራግፍ ቀኝ እግሩን ያጣ፣ ምላሱ ግን ሙሉ የሆነ ሰው ነው።

«እኛ ሰው ሠራሽ እግር ለበስን፤ እነሱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ገዙ አሉ» አለ ጎማው። «የኛው እንኳ በልክ ይሠራል።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ነርስ፣ «ማን ላይ ቆመህ ማንን ታማለህ» አለችው። እሷም ቀኝ እግሯ የጋሽ ሞረድ ሥራ ነው። ወረፋው በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ሞረድ ከውስጥ ሆኖ ሳቁን ሰማ፤ ምን እንዳሳቃቸው አልጠየቀም። አንድ ብሎን እያጠበቀ ነበር።

ያን ብሎን ጨርሶ ሌላውን ሲይዝ የእህቱ ልጅ ገባች። አልተቀመጠችም።

«አጎቴ፣ እማዬን ወሰዷት።»

የእሷ እማዬ ሚጡ ናት፤ የጋሽ ሞረድ ታናሽ እህት። አምሳን ተሻግራ፣ የራሷ ልጅ ለወግ ለማዕረግ ደርሳላት፣ ዛሬም ሚጡ ነው የምትባለው። በሕፃንነቷ ወደ ኋላ የሚሄድ መኪና ቀኝ እግሯን ከጉልበቷ በታች ወስዶታል። ኑሮዋ መጋረጃ መስፋት ነው። በየቢሮው እየዞረች መስኮት ትለካለች፣ ቤቷ ተመልሳ ትሰፋለች፣ ሄዳ ትሰቅላለች። የያዟት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ቆማ፣ ሜትሯን በጥርሷ ይዛ፣ መስኮት ስትለካ ነበር። ልጅቱ ይህን ሁሉ ስትነግረው ጋሽ ሞረድ የጀመረውን ብሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀ። መደንገጥ እንደነበረበት ያውቃል። ድንጋጤውን እንደ ጠፋ መፍቻ ኪሱ ውስጥ ፈለገው፤ አጣው። የእህቱ ልጅ እጁን ስታይ ቆየችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

በማግሥቱ የጸጥታው መሥሪያ ቤት ራሱ አስጠራው። እህትህ የምትለብሰውን እግር የሠራኸው አንተ ስለሆንክ ና አሉት። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር በብሎን በታሰሩበት ክፍል ውስጥ ሲጠብቅ ቆየ፤ የወንበሮቹን ብሎኖች አያቸው፤ ሁለቱ ልል ናቸው። ከዚያ ወደ ላይ አወጡት። ላይ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው የቢሮው አለቃ ነው፤ እንቅልፍ የጎደለው፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ሽማግሌ ማክበር የሚያውቅ ሰው። ሁለተኛው በቴሌቪዥን የሚያውቀው ባለ ጠባብ ሱፍ ሻጭ ነው።

ሻጩ ትልቁን ስክሪን ከፈተ። አንድ ሰው ከኋላው ሆኖ ታየ፤ በኃይል ማመንጫው አጥር ጥግ ይሄዳል። ምስሉ ተቀየረ። ያው ሰው በአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ይሄዳል። ደግሞ በሚኒስቴሩ በር፣ ደግሞ በጦሩ መጋዘን ፊት ለፊት። አንድ ቦታ ረጅም ነው፣ አንድ ቦታ አጭር፤ አንድ ቦታ ኮት ለብሷል፣ አንድ ቦታ ቀሚስ።

«ልብስ ይቀይራል፣ ቁመት ይቀይራል፣ ሲያሻው ሴት ይሆናል» አለ ሻጩ። «እንዲህ ያለ ሰላይ አይተን አናውቅም። አረማመዱን ብቻ መቀየር አልቻለም። ማሽኑ አንድ ሰው ነው ይላል፤ ያ ሰው ደግሞ እህትዎ ናቸው።»

ጋሽ ሞረድ ስክሪኑን አየ። ኮት የለበሰው ጎማው ነው። ባለ ቀሚሷ ነርሷ ናት፤ ማታ ማታ በዚያ በር በኩል አልፋ ነው ወደ ሥራዋ የምትሄደው። ረጅሙ የትምህርት ቤት ዘበኛ ነው፤ መጋዘኑ ፊት ለፊት የሚሄደው የሱቅ ባለቤት ነው። ሁሉንም በጀርባቸው ያውቃቸዋል፤ በረጅሙ ክፍል ውስጥ ከፊታቸው ሄዶ ያስተማራቸው ናቸው። ምስሎቹ ሲያልፉ ሁሉም ዳሌያቸውን ጥቂት ያነሳሉ፣ ለአፍታ ይቆማሉ፣ ከዚያ ደህናውን እግር ያስከትላሉ።

ከመጨረሻው ምስል ላይ ሚጡ መጣች። የመጋረጃ ጨርቅ በብብቷ ይዛ መንገድ ትሻገራለች። ያን ጊዜ ነው ያወቀው። ልጆች ሆነው፣ ትምህርት ቤት ሲመላለሱ፣ የሁለቱንም ቦርሳ የሚሸከመው እሱ ነበር። የእንጨት እግሯ በየድንጋዩ ሲያሰናክላት፣ እሷ ራሷ፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ያቺን የዳሌ አነሳስና ያቺን የአፍታ ቆይታ ፈለሰፈች። እሱም ከጎኗ ላለመቅደም ሲል እርምጃዋን ያዘ። ዓመታት አብሯት ተራመደ። ትልቅ ሰው ሆኖ ለሌሎች መራመድ ሲያስተምር፣ ከእግሩ የወጣው ያ ነበር። ከተማው ውስጥ የሚሄደው የጋሽ ሞረድ አረማመድ አልነበረም፤ የሚጡ ነው። ማሽኑ አልተሳሳተም።

አሁን አፉን ቢከፍት እነዚህ ሁሉ ጀርባዎች ፊት ያወጣሉ፤ ስምና አድራሻ ያወጣሉ። ባይከፍት ሚጡ ከታች በአንዱ ክፍል ውስጥ ትቀራለች። የኖረ ሰው እንዲህ ያለ ሰዓት ሲመጣ ልቡ ሁለት ይሆናል ብሎ ይጠብቃል። የጋሽ ሞረድ ልብ ሁለት አልሆነም፤ አንድም አልሆነም። እንደ ተኛ እግር ነበር፤ አለ፣ ግን ሲረግጡበት አይሰማም። እና ተናገረ። እነዚህ የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ መራመድ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ያስተማርኩትም አንድ አረማመድ ነው፤ ከእህቴ የተማርኩት ነው አለ።

ሻጩ ቀድሞ ተናገረ። ፊቱ ላይ የኀፍረት ምልክት አልነበረም።

«እንግዲያው ማሽኑ ልክ ነው» አለ ወደ አለቃው ዞሮ። «ካሰብነው በላይ ልክ ነው። የአረማመዱን እናት ነው ያገኘልን።»

አለቃው ዓይኑን አሸ። ከዚያ ለጋሽ ሞረድ በዝግታ አስረዳው፤ ቁጣ የለበትም፣ ዛቻም የሚመስል ነገር የለበትም። አሁን ከተማው ውስጥ ማሽኑ ሊለያቸው የማይችል ብዙ ሰዎች እንዳሉ ታወቀ። ሰላይ ቢኖር በነሱ መካከል ይደበቃል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሁሉንም ሰብስቦ እንደ እህትዎ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው፤ ይህን እኔም አልወደውም አለ። ሁለተኛው ቀላል ነው። ድርጅቱ ዘመናዊ ቁርጭምጭሚት ይሰጣል፤ በነጻ ነው። ውስጡ ምን ያህል እንደሚላላና እንደሚጠብቅ የሚወስን ብሎን አለው። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ቁጥር በስልክ ይመጣል፤ ብሎኑ በዚያ ቁጥር ይጠብቃል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ እንደ ራሱ ይራመዳል።

«እርስዎ ያዋሃዱትን እርስዎ ይለዩት፣ አባቴ» አለ።

«እህቴስ?»

«ሥራው እንደተጀመረ ቤቷ ትገባለች።»

ጋሽ ሞረድ እሺ አለ። ደረጃውን ሲወርድ ሌላ አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንደነበረበት ተሰማው። ምን እንደነበር ግን ሊያስታውሰው አልቻለም፤ ቤቱ እስኪደርስም አልመጣለትም።

ቁርጭምጭሚቶቹ በሚያማምሩ ነጫጭ ሳጥኖች ታሽገው መጡ። ወሬው ከሳጥኖቹ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ወረፋው የመንገዱን ጠርዝ ይዞ እስከ ማዕዘኑ ደረሰ፤ ፀጉራቸውን ተስተካክለው የመጡ ነበሩ። ጎማው ፊተኛው ሆኖ ገባ። እግሩን አውልቆ እንደ ወታደር ጠመንጃ ትከሻው ላይ ተሸክሞት ነበር።

«አስታወሱን ማለት ነው» አለ። «ጋሽ ሞረድ፣ እውነት ኮምፒውተር አለው?»

«ከኮምፒውተር የመጣ ቁጥር አለው።»

«በቃ፣ አለው እንጂ! ለልጆቼ አለው ነው የምላቸው።»

ስልኩ ጮኸ፤ ቁጥሩ መጣ፤ ጋሽ ሞረድ ብሎኑን በቁጥሩ ልክ አጠበቀ። ጎማው ለብሶ ሲነሳ ተንገዳገደ፣ ብረቱን ያዘ፣ ሳቀ። ያ የለመዳት የአፍታ ቆይታ የለችም፤ እግሩ ቀድሞት ይሄዳል። አዲስ ጫማም መጀመሪያ ያስቸግራል አለና ራሱን አጽናና። እንደ ድሮው ከፊቴ ሆነህ አታሳየኝም ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ሞረድ ወረፋው ረጅም ነው፣ እቤትህ ልመደው አለው። ቀጥሎ ነርሷ ገባች። የእሷ ቁጥር ጣቷን ወደ ውጭ የሚገፋ ነበር። ዘበኛው ተረከዙን እንዲጎትት ሆነ። የሱቁ ባለቤት አጭር አጭር እንዲረግጥ ሆነ። ሁሉም አመሰገኑ። አንዷ አሮጊት እጁን ሳመችው፤ እጁን አላሸሸም፣ አልሰጣትምም። «ቀጣይ» አለ።

ሚጡ የተፈታችው ሥራው በተጀመረበት ሳምንት ነው። አለቃው ቃሉን ጠበቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ወረፋው ከተበተነ በኋላ፣ ራሷ መጣች። ከስታለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ወንድሟ ወንበር ሰጣት፤ አልተቃቀፉም፤ ሁለቱም እንዴት እንደሚጀመር የረሱ መሰሉ። ስላሳለፈችው ነገር ብዙ አላወራችም። አልመቱኝም አለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ኮሪደር ያስኬዷት ነበር፤ ወዲህ፣ ወዲያ፣ ደግሞ ወዲህ። ከሚያስኬዷት አንዱ ልጅ ጎበዝ ነሽ አላት። ኮሪደሩ አራት መስኮት አለው፣ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው፣ መጋረጃ የለውም፤ በዓይኗ ለክታዋለች።

«ቢጠሩኝ እሠራላቸው ነበር» አለች። ሳቋ ከንፈሯ ጫፍ ላይ ደርሶ ቀረ።

ስልኩ ላይ የሷም ቁጥር መጥቶ ነበር። ጋሽ ሞረድ ቁጥሩን ሲያይ ለሻጩ ደውሎ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ከአፉ የወጣ ልመና ያ ብቻ ነው። የአረማመዱ ባለቤት እሷ ናት፤ ሌሎቹ ከተቀየሩ የሷ ለምን እንዳለ አይቀርም? አለ። ሻጩ በትሕትና መለሰለት። ያ አረማመድ በብዙ ሰው ስለተመዘገበ ተበላሽቷል፤ ማንንም አይለይም፤ መጥፋት አለበት።

እግሯን ተቀብሎ አሮጌውን ቁርጭምጭሚት ፈታ፣ አዲሱን አሰረ፣ ብሎኑን በቁጥሩ አጠበቀ። ለበሰችው። ሁለቱን ብረቶች ይዛ ቆመች። አንድ እርምጃ ሄደች፤ እግሯ ሳይጠብቃት አለፈ። ወደቀች ማለት ይቻላል፤ ብረቱ ያዛት። ወደ ታች አየች።

«ይሄ የማን ነው?»

«ያንቺ ነው።»

«የኔ እንዲህ አይደለም፣ ጋሼ። የኔን አውቀዋለሁ።»

ጋሽ ሞረድ ነገራት። ስክሪኑን፣ ጀርባዎቹን፣ ነጫጭ ሳጥኖቹን፣ አለቃው ያለውን። ሲነግራት ድምፁ አልተለወጠም፤ ለደንበኛ ዋንጫው ውስጥ የሚለበሰውን ካልሲ አጠባ የሚያስረዳ ይመስል ነበር።

«ስንቱን ቀየርክ?» አለች ሲጨርስ።

«የመጣውን ሁሉ።»

«ያውቃሉ?»

«ደስ ብሏቸዋል።»

ሚጡ ብረቱን አጥብቃ ያዘች። አይፈረድበትም የሚል ነገር ከፊቷ ላይ ፈለገ፤ ይፈረድበታል የሚልም ፈለገ። የመጋረጃ ሰፊ ፊት ነበር፤ ብርሃን ከየት እንደሚገባ የሚያይ፣ ሌላ የማይል። ከዚያ ቀና አለች።

«እንግዲህ እቤት ደረጃ አለብኝ፤ እንዲህ ሆኜ አልወጣውም። ቅደምና አሳየኝ።»

ይህን እንቢ ማለት አልቻለም። በብረቶቹ መካከል ገባና ጀርባውን ሰጣት። ቆመ። ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ብሎኑ ስንት እንደዞረ ያውቀዋል፤ በዚያ ቁጥር የሚኬደውን አካሄድ ግን አያውቀውም። እሱ ብቻ ሳይሆን ማንም አያውቀውም፤ እስከ ዛሬ ማንም ሄዶበት አያውቅም።

«ሂድ እንጂ» አለችው ከኋላው።

ሄደ። ዳሌው ተነሳ፣ ለአፍታ ቆመ፣ ደህናው እግር ተከተለ። ሌላ የሚያውቀው የለውም። ከኋላው የእህቱ እግር ሁለት ጊዜ አቀላጠፈና ተሰናከለ።

«እንደሱ አይደለም መሰለኝ» አለች ሚጡ።

«አዎ። እንደሱ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው?»

«እንጃ።»

ከብረቶቹ መካከል ወጥቶ ግድግዳው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። ሚጡ ለብቻዋ ቀጠለች። እየወደቀች ተያዘች፣ እየተያዘች ሄደች፣ እመጨረሻው ደርሳ ዞረች። በሦስተኛው ምልልስ እግሯ ከብሎኑ ጋር መስማማት ጀመረ፤ የረገጠችው ቀና አለ። ጥሩ ተራማጅ ናት፤ ድሮም ጥሩ ነበረች። ጋሽ ሞረድ ከኋላዋ አያት። የማንም ሰው ጀርባ መሰለችው። ሞረዱን አንስቶ ምንም ሳይሞርድበት በጉልበቱ ላይ አስቀመጠው፤ በሩ ሲንኳኳ፣ ሳይነሳ፣ «ቀጣይ» አለ።